እኛ ሊንክ ላክንለት፤ እሳቸው ስሙን ጠየቁት

ዛሬ የመጣነው ሰው ልንወቅስ ነው። ተወቃሾቹ እኛው ነን፤ ግን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ እናንተም ድርሻችሁን አታጡም።

አምስት ነን። ሦስታችን ኦርቶዶክስ፣ አንዷ የመሠረተ ክርስቶስ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ «እያሰብኩበት ነው» ባይ። በቀደም ለቀልድ ያህል ስልካችንን አውጥተን መንፈሳዊ የቴሌግራም ቻናሎቻችንን ቆጠርን። አሸናፊው 23 ይዞ ተገኘ። ስንክሳሩ በየማለዳው ይመጣለታል፤ ስብከቱ አለ፣ መዝሙሩ አለ፣ «ለ12 ሰው ሳታስተላልፍ ብታልፍ…» የሚለው ማስፈራሪያም አለ። «ጎበዝ!» አልነውና አንድ ጥያቄ አስከተልን፤ ስለ እምነትህ ከሰው ጋር ቁጭ ብለህ ያወራኸው መቼ ነው? አሰበ። ጣሪያውን አየ። «ከማን ጋር?» አለን።

ሳቅን። ከዚያ ጥያቄው ወደ እያንዳንዳችን ዞረና ሳቁ ቆመ።

እንግዲህ የምንለውን መጀመሪያ እንበለውና ከዚያ እንጣላ። የእኛ ትውልድ ስለ እምነት በመስማት ጠግቦ ስለ እምነት ማውራት ትቷል። ሰው በእምነቱ የሚያድገው ግን ባብዛኛው ስሙን በሚያውቅ፣ ቤቱን በሚያውቅ፣ ነገም ከነገ ወዲያም በሚያገኘው ሰው አፍ ነው። ያንን ሥራ ለሰባኪና ለስልክ አስረክበናል። ሲጠይቁን ደግሞ «እኛ ምን እናውቃለን?» እንላለን፤ ስንፍናችን ትሕትና የሚል ስም ወጥቶለታል።

አንድ ጓደኛ አለን። ስሙን አንጠራም፤ ይህን እንድንጽፍ ግን ፈቅዶልናል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ታናሽ ወንድሙ ታሞ ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር። ለቅሶ ደረስን፣ ሦስቱን ቀን አልተለየንም፣ ወንበር ተሸከምን፣ ውኃ አደልን። በዚህ አንታማም። ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ይህ አገር በደንብ አስተምሮናል። ችግሩ የመጣው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ማታ፣ ማኪያቶው ፊቱ እየቀዘቀዘ፣ «ስጸልይ ነበርኮ» አለ። «ያን ሁሉ ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስጸልይ ነበር። ማንን ነበር የማናግረው?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። መልስ ማጣት ነውር አይደለም። ያደረግነው ግን እንዲህ ነው፤ አንዱ ሰዓቱን አየ። አንዱ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። እውነት ነው፣ ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ግን ወሬ መዝጊያ ነበር፣ እኛም ለዚያው ነው የተጠቀምንበት። ሌሊት ቤታችን ገብተን ከሕሊናችን ጋር ስንፋጠጥ ሊንክ ላክንለት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሊንክ። አንዱ ስለ ኢዮብ የተሰበከ፣ 47 ደቂቃ የሚፈጅ ስብከት ነበር። ጥሩ ስብከት ነው፤ ሰባኪውንም እንወደዋለን። ጓደኛችን «አመሰግናለሁ» አለና የተጣመሩ ሁለት እጆች ላከልን። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ከእኛ ጋር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተወ። እኛ ደግሞ «ጊዜ ይፈልጋል» ተባብለን ተለያየን።

አሁን ወደ አማኑኤል እንሂድ።

ከተማዋን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት፣ ደምበጫ ሳትደርሱ የምታገኟት የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። ባሕር ዳር ለመድረስ የቸኮለ መንገደኛ በመስኮት አይቷት ያልፋል። ደጋ ናት፤ ጥር ላይ የማለዳው ብርድ አጥንት ይገባል። ከአምስታችን አንዱ የዚያ ልጅ ነው። እናቱ በየወሩ በ28 የአማኑኤል ማኅበር አላቸው፤ በጥር 2011 ዓ.ም. ተረኛዋ እሳቸው ስለነበሩ «ጓደኞችህን ይዘህ ና» ተባለ። ወንድሙ የሞተበትን ልጅም ጎትተን ይዘነው ሄድን። እሱ የመጣው ለጠላውና ለዕረፍቱ እንደሆነ በግልጽ ነግሮናል።

የማኅበሩን ዕለት እንለፈው፤ በላን፣ ጠጣን፣ ቄሱ ጸልየው ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ተላለፈ። ነገሩ የሆነው በማግስቱ ጠዋት ነው። እንግዳው ተበትኖ እኛ ብቻ ቀርተናል። እናትየዋ ቄጠማ ጎዝጉዘው ቡና ያፈላሉ፤ ቆሎና የትናንቱ ድፎ ቀርቧል። አቦሉን ሲቀዱ ቀና ብለው ጓደኛችንን አዩት።

«አንተ ልጄ፣ ሌሊቱን አልተኛህም። ምን ሆነህ ነው?»

«ብርዱ ነው እማማ።»

«ብርዱስ ብርድ ነው» አሉና ዝም አሉ። ወሬው ወደ እህል ዋጋ ሄደ፣ ወደ ጎረቤት ሰርግ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ቶናው ላይ፣ ስኒውን እያቀበሉት፣ «እናትህ ደኅና ናቸው? ለእናትህ ስንት ናችሁ?» አሉት።

«ሁለት ነበርን» አለ።

«ነበርን» የምትለዋን ቃል ሁላችንም ሰምተናታል። እኛ አሳልፈናት ነበር፤ አንዳችን እንዲያውም ቆሎውን አወደሰ። እሳቸው ግን አላሳለፏትም። «ማን ነበር ስሙ?» አሉት። ነገራቸው። «የክርስትና ስሙስ?»

አላወቀውም።

(ከአንባቢዎቻችን መካከል ኦርቶዶክስ ያልሆናችሁ ስላላችሁ፤ አንድ ልጅ ሲጠመቅ ሌላ ስም ይወጣለታል፣ ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ፣ ወለተ እገሊት። ካህኑ በጸሎት የሚያነሡት፣ ሲሞትም በፍትሐት የሚጠራው በዚያ ስም ነው። ጓደኛችን የወንድሙ ፍትሐት ላይ ቆሞ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጆሮው ምንም አልያዘም።)

እናትየዋ አልገሠጹትም። የወንድምህን ስም እንዴት አታውቅም አላሉም። «እናትህን ጠይቃቸውና ንገረኝ፤ ከእኔዎቹ ጋር አብሬ አነሣዋለሁ» ነው ያሉት። «የእኔዎቹ» እነማን እንደሆኑ ስናይ፣ ጡት ሳትጥል ስለሞተችባቸው ልጅ ነገሩን። ብዙ አላወሩም፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከደጀ ሰላሙ ሳያልፉ እንደተመለሱ፣ የንስሐ አባታቸውም «እዚያው ደጁ ላይ ቁሚ፣ ደጁም የእሱ ነው» እንዳሏቸው ብቻ ተናገሩ። የገዛ ልጃቸው፣ የእኛው ባልደረባ፣ ይህን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር። እህት እንደነበረችው ያውቃል፤ የደጁን ነገር ግን አያውቅም።

በረካው ሳይቀዳ ጓደኛችን ተነሥቶ ወጣ። አጥሩ ጥግ ቆሞ እናቱ ጋ ደወለ። ስልኩ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እናትና ልጅ ከቀብሩ ወዲህ የሟቹን ስም አንሥተው አያውቁም፤ አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ ሲጠነቀቅ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። ስሙን ነገራቸው። እሳቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይረሱት። ከዚያ ቀዝቅዞ የነበረውን በረካ አሙቀው ቀዱለት።

በአንድ ጀበና ቡና እምነቱ ተመለሰ እያልን አይደለም። ዛሬም የሚጠይቀውን ይጠይቃል። ግን በዚያው ዓመት ለወንድሙ ሙት ዓመት ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ደጁ ላይ ቆመ። ይህንን የነገረን እሱ ነው፣ ሳንጠይቀው።

አሁን ወደ ጠባችን። የአማኑኤሏ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ከእኛ ሁለቱ ግን ዩኒቨርሲቲ እያለን ግቢ ጉባኤ ተምረን የተመረቅን ነን። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በየካምፓሱ ለተማሪ የዘረጋው ትምህርት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዶግማውን፣ ታሪኩን፣ ሥርዓቱን ተምረናል፣ ፈተናም ተፈትነናል። ሦስተኛዋ ባልደረባችን ከልጅነቷ ጀምሮ መጽሐፍ ቅዱስ በቃሏ የምትጠቅስ ናት። ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘን ማኪያቶው ፊት ለምን ዱዳ ሆንን? እሳቸውስ ያለ ምንም ስንቅ እንዴት ቻሉበት?

እሳቸው ልማድ አላቸው። ማኅበር ሲባል ለከተማ ልጅ የሚታየው ድፎውና ጠላው ነው፤ አሠራሩን ግን ልብ በሉት። አባላቱ ወር በወር በአንድ ቅዱስ ቀን በተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። መሪው ሙሴ ይባላል። የቀረ ሰው ካለ ለምን ቀረ ይባላል። የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል። የተጣሉ ማኅበርተኞች ካሉ ቂማቸውን ይዘው ጽዋ እንዲጠጡ አይፈቀድም፤ እዚያው ይታረቃሉ። ሰንበቴውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው፤ ሰንበቴ ቤት ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጠውን ሰው አንተ አትመርጠውም። በላዩ ላይ የንስሐ አባት አለ፤ ቤትህ ድረስ መጥቶ እንዴት ነህ የሚልህ፣ ቢያንስ በሥርዓቱ። በሌላ አነጋገር አያቶቻችን አንዱ የሌላውን ነፍስ የሚጠይቅበትን ቀን በካላንደር አስገብተውታል። እሳቸው 40 ዓመት በየወሩ ሲጠይቁና ሲጠየቁ ኖረዋል። «ነበርን» የምትለዋን ቃል የያዘው ጆሮ የዚያ ውጤት ነው። እኛ የሰማነው የስብከት ሰዓት ቢደመር ከእሳቸው ይበልጥ ይሆናል፤ ያንን ጆሮ ግን አላወጣልንም።

ገጠሩን እያሞካሸን እንዳይመስላችሁ። ተራ ሲደርስ ተበድሮ የሚደግስበት ማኅበር አለ። የጎረቤት ሐሜት ብቻ የሚጠጣበትም አለ። የምትጠይቅን ልጃገረድ «ዝም በይ፣ ኃጢአት ነው» ብሎ አፏን የሚዘጋ ሽማግሌ እዚያም አለ፣ እዚህም አለ፤ ከመካከላችን አንዱ «እያሰብኩበት ነው» ባይ የሆነው በ13 ዓመቱ እንዲህ ተብሎ ነው። የቡናውን ሥርዓትም ቅዱስ አናድርገው፤ ያው ቡና እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የማይወደድ መጠጥ ነበር። የምንከራከረው ለጀበናው አይደለም። ሰው ተቀምጦ፣ ሳይቸኩል፣ አንድን ሰው የሚጠይቅበት ቦታ እንዳይጠፋ ነው።

«ይህ ለተርታው ሕዝብ ነው፣ እውነተኛው ትምህርት ከመጽሐፍና ከመድረክ ነው» የሚለን አይጠፋም። እስቲ የጎጃምን ትልቁን ትምህርት ቤት እንየው። ከዚያው ከአማኑኤል ብዙም ሳይርቅ ደብረ ኤልያስ አለ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይነሣል። ብቻውን ወጥቶ ይቆጥራል፣ ያስባል። ግን እዚያ አይቀርም፤ ተመልሶ ለሰው መንገር አለበት። የሚያርመው ሁልጊዜ የኔታ አይደሉም፤ ከእሱ ጥቂት ቀደም ያለ ተማሪ፣ አስነጋሪው፣ ይሰማዋል፣ ይህን ጣል፣ ይህን አጽና ይለዋል። ትናንት የተነገረው ዛሬ ያስነግራል። የቆሎ ተማሪው ሊቅ እስኪሆን ድረስ ከእሱ በታች ላለው ዝም አላለም። እኛ ግን ሊቅ እስክንሆን ዝም ለማለት ወስነናል፤ ሊቅ የመሆን ዕቅድ ደግሞ የለንም።

ሌላ ጎጃሜ እንጨምርላችሁ፤ ይህ ሰው ከሚገባው በታች ነው የሚታወቀው። አቡ ሩሚ ይባላል፣ አባ አብርሃምም ይሉታል። ብዙ አገር ዞሮ መጨረሻ ላይ ካይሮ ደረሰና ታመመ፤ አስሌን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን አስታመመው። ከዚያ ሁለቱ አንድ ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1818 ገደማ፣ ለ10 ዓመት፣ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው በራቸውን በእንግዳ ላይ ዘግተው መጽሐፍ ቅዱስን ከዐረብኛው በቀስታ እያነበቡ፣ የከበደውን ቃል አንዱ ለሌላው እያብራራ፣ አቡ ሩሚ በአማርኛ ጻፈው። ከብሉይ እስከ ሐዲስ 9,539 ገጽ ወጣው። ሥራው በተጠናቀቀ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1819፣ አቡ ሩሚ በወረርሽኝ ሞተ፤ የድካሙን ፍሬ ታትሞ አላየውም። የሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ኅትመት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ቃሉ በአማርኛ የመጣው ሁለት ሰዎች በሳምንት ሁለት ቀን ተቀምጠው «ይህ ምን ማለት ነው?» እየተባባሉ 10 ዓመት ስላወሩ ነው። እኛ ያንን መጽሐፍ በስልካችን ጭነነዋል፤ ከሰው ጋር ከፍተን «ይህ ምን ማለት ነው?» ካልን ግን ስንት ጊዜያችን ነው?

ወደ ኋላ ከሄድን አይቀር የሁላችንም የሚሆነውን ታሪክ እናንሣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን መጽሐፉ በእጁ ነበር። ማንበብ ይችላል፣ እያነበበም ነበር፣ ያውም የኢሳይያስን። የጎደለው መረጃ አልነበረም። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲጠጋ መጀመሪያ ያደረገው ስብከት ሳይሆን የምታነበው ይገባሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየውም የሚመራው እንደሌለ ተናገረና አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። የተቀረው በጉዞ ላይ የተደረገ ወሬ ነው። አገራችን በዚህ ታሪክ ስትኮራ ትኖራለች፤ እኛ ደግሞ ሰው ብቻውን ሲያነብ ካየን ሌላ የሚነበብ እንልክለታለን።

የመሠረተ ክርስቶስ ባልደረባችን እዚህ ላይ «የእኛንም ጻፉት» አለች። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲዘጋ፣ ንብረቱን ሲወርስና መሪዎቹን ሲያስር አባላቱ 5,000 ያህል ነበሩ። አዳራሽ የለ፣ መድረክ የለ፣ ማይክ የለ። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሰው ሆነው ተገናኙ። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ሲወጡ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። እናቷ ስታወራላት፣ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ሁልጊዜ ጀበና ይጣድ ነበር፤ የመጣ ሰው ቡና ሊጠጣ ነው የመጣው። በዚያ ክፍል ውስጥ መደበቅ አይቻልም፤ ስድስት ሰው ነዋ! ዝም ያልክ ቀን ምን ሆንክ ትባላለህ። «አሁን አዳራሻችን ሺህ ሰው ይይዛል» አለችን፤ «ሦስት ሳምንት ብቀር ግን የሚያውቅ የለም።» ኦርቶዶክሶቹ ሦስታችን ተያየን። የእኛም ዓውደ ምሕረት ላይ እንዲሁ ነው።

«ስለ እምነት የሚያወሩማ ሞልተዋል!» ትሉን ይሆናል። አዎ፣ ሞልተዋል። ቲክቶክ ላይቭ ከፍቶ እኩለ ሌሊት ድረስ ኦርቶዶክሱ ጴንጤውን፣ ጴንጤው ኦርቶዶክሱን ሲዘልፍ የሚያድር አለ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይከታተለዋል፣ ስጦታ ይዘንብለታል። አንድ ሰው ከዚያ ላይቭ ወጥቶ ለተቀየመው ወንድሙ ሲደውል ብናይ ይህን አንቀጽ እንሰርዘዋለን። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ የሴቶችን አለባበስ የሚለካም አለ። በዓመት አንዴ ድፍረት አግኝታ የመጣችውን ልጅ ስሟን ሳይጠይቅ ልብሷን ይነግራታል። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ትመለሳለች፤ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ቤቷ። እነዚህ የሚያወሩት ሰውዬው እንዳለ ረስተው ነው፤ እኛ ዝምተኞቹ ደግሞ ሰውዬውን እያየን ረሳነው። የቱ እንደሚብስ እርስ በርሳችን ተከራክረን አልተስማማንም።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ግን ሌላ ነው፤ «ሳንማር ብናወራ ሰው እናስታለን» የሚለው። ይህን አናቃልለውም። ምሥጢረ ሥላሴን ካፌ ውስጥ በግምት የሚያስተምር ሰው ጉዳት ያደርሳል፤ አባቶች «ለመምህሩ ተዉት» ሲሉ ምክንያት አላቸው። ግን ማን ምሥጢረ ሥላሴን አስተምሩ አላችሁ? የአማኑኤሏ እናት ያን ጠዋት አንድም ትምህርተ ሃይማኖት አላስተማሩም። ጠየቁ፣ ጠበቁ፣ የራሳቸውን ቁስል አሳዩ፣ አብሬህ እጸልያለሁ አሉ። ከዚህ ውስጥ ዲፕሎማ የሚጠይቀው የቱ ነው? የከበደ ጥያቄ ሲመጣ «አላውቅም፣ አብረን የኔታን እንጠይቅ» ማለት ይቻላል፤ «አብረን» የምትለዋን ግን አትዝለሏት። ሊንኩንም ቢሆን ላኩ፤ ከዚያ «አየሁት፣ እዚህ ቦታ ላይ አልገባኝም፣ አንተስ?» ብላችሁ ደውሉ። ሊንክ መላክ አይደለም የሚያሳፍረን፤ ከላክን በኋላ ግዴታችንን እንደተወጣን ቆጥረን መተኛታችን ነው።

«እምነት የግል ጉዳይ ነው» ለምትሉን መልሳችን አጭር ነው። ሐዘንም የግል ነው፤ ለቅሶ ግን ትደርሳላችሁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ይሞታል። ያንን ዘመን ለትምህርት የሚሆን መልካም አጋጣሚ አድርገን አንተርከውም፤ መከራ ነው፣ መከራ ሊባል ይገባዋል። ግን እዚያ ያሉ ወዳጆቻችን በድምፅ ስልክ ሲያገኙን የነገሩንን እናስቀምጠው። ቻናሎቹ ሁሉ ዝም ሲሉ የቀረው ያው የጎረቤት ጀበና ነበር፤ ማታ ማታ የማን ልጅ እንዳልተመለሰ፣ በማን ስም መጸለይ እንዳለበት የሚወራው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ያለን እኛ ኢንተርኔታችን አልተቋረጠም። ስለ እነሱ በየቀኑ እናነብ ነበር። ስንቱ ጋ ደወልን? ይህንን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ያቺ እናት በሕይወት አሉ፣ ይመስገን። በወር በ28 እንደውልላቸዋለን፤ አንዳንዱ ወር መስመሩ እሺ አይልም። ሲይዝልን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለዚያ ልጅና ስለ እናቱ ነው፤ ቀጥለው የሁላችንንም እናቶች በየተራ። የክርስትና ስማችንንም አንድ በአንድ ይዘውታል፤ የመሠረተ ክርስቶሷን ባልደረባችንን የክርስትና ስም እንደሌላት ስትነግራቸው «ግድ የለም፣ በዚሁ በምትጠሪበት አነሣሻለሁ» አሏት።

ባለ 23 ቻናሉስ ምን ሆነ? ባለፈው ሳምንት ሦስት ዓመት አጠገቡ የተቀመጠውን፣ ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሮ የሚውለውን የቢሮ ባልደረባውን ምሳ ጋበዘ። «እሺ፣ ምን አወራችሁ?» ብለን ተሰበሰብንበት።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ገና የልጆቹ ስም ላይ ነን።»